ከትንንሽ ልጆች ጋር ሳይጮሁ መዋል፦ ለክርስቲያን እናት ደረጃ በደረጃ

እዚህ ጎንደር ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ማኅበር ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር እናቶች የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «ልጆቼን እወዳቸዋለሁ፣ እጸልያለሁም፣ ግን ማታ ላይ ትዕግሥቴ እልቅ ይላል፣ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። ሁሌ መንገድ ላይ ቆሜ በጥድፊያ ከማስረዳ ይሄው አንዴ በጽሑፍ አስቀመጥኩት።

የጻፍኩት ከ6 ዓመት በታች ልጆች ላሏት እናት ነው፣ ቤት ብትውይም ሥራ ውለሽ ብትገቢም ይሠራል። እኔ ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ጸሎቱንና ጾሙን በዛው መንገድ ነው ያስቀመጥኩት፣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂ ከሆነ ጸሎቱን በምታውቂው ቀይሪው፣ የቀረው ያው ነው።

ከመጀመርሽ በፊት አንድ ነገር ያዥልኝ። ትዕግሥት ገላትያ 5፥22 ላይ የመንፈስ ፍሬ ተብሎ ተጽፏል፣ ስለዚህ ከእግዚአብሔር መለመን አለብሽ። ግን ልጁ ወጡን ከደፋው በኋላ ብቻ የምትለምኚ ከሆነ ዘግይተሻል። ዛሬ እንጀራ እንድትጋግሪ ሊጡን ከ3 ቀን በፊት ታቦኪው የለ፣ ይሄም እንደዛ ነው። ለዚህ ነው ከሥር ካሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ቁጣው ከመምጣቱ በፊት የሚሠሩት።

የሚያስፈልግሽ

- ትንሽ ደብተርና እስኪርብቶ። የስልክ ኖትም ይሆናል፣ ግን ስልኩን ልጆቹ የሚቀሙሽ ከሆነ ወረቀት ይሻላል
- መቁጠሪያ
- ለማታ ብቻ የተለየ አንድ ጀሪካን ውሃ
- ፔርሙዝ፣ ሻይ ወይም አጥሚት የሚቀመጥበት
- ለልጆቹ የ10 ሰዓት መክሰስ፦ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ የጾም ቀንም ቢሆን የሚሆን ነገር
- አንድ ባዶ ካርቶን፣ ውስጡ የእንጨት ማንኪያ፣ ፕላስቲክ ሳህን፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ (ክዳኑን አውጪው፣ ትንሽ ልጅ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል)
- አንዲት ልጅ የምትይዝልሽ ሰው፦ ጎረቤት፣ እህት፣ አማት
- የንስሐ አባትሽ ስልክ ቁጥር

ደረጃ 1፦ ሰዓትሽን ለዪ

ለአንድ ሳምንት በጮኽሽ ቁጥር ወይም ልትጮኺ በደረስሽ ቁጥር አንድ መስመር ጻፊ። ስንት ሰዓት ነበር፣ ምን እየሠራሽ ነበር፣ ልጁ ምን ፈልጎ ነበር፣ አንቺ መቼ ነው የበላሽው። እንዲህ ይበቃል፦

«ማክሰኞ 11፡40። ሽንኩርት እያቁላላሁ። ትንሹ ቀሚሴን ይዞ ተሸከሚኝ ይላል፣ ትልቋ ቲቪ ክፈቺልኝ ትላለች፣ መብራት የለም። ምሳ አልበላሁም።»

«ልጄ ባለጌ ሆኗል» ወይም «እኔ መጥፎ እናት ነኝ» ብለሽ አትጻፊ፣ የሆነውን ብቻ ጻፊ። ይሄ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል ካልሽ፣ በጭንቅላትሽ ስታስቢው ቀኑ ሙሉ የተበላሸ ይመስልሻል፣ ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጣው ሁለት ቦታ ላይ ተከማችቶ ታገኚዋለሽ፦ ጠዋት ልጆቹን ለትምህርት ቤት ስታዘጋጂና ከሰዓት ከ11 እስከ ምሽት 1 ሰዓት ባለው። ቀኑን ሙሉ መታገስ ከባድ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መዘጋጀት ግን የሚቻል ነገር ነው።

ደረጃ 2፦ ከዛ ሰዓት በፊት ሆድና እንቅልፍ አስተካክዪ

ከሁሉም ደረጃ ቶሎ ለውጥ የሚታይበት ይሄኛው ነው፣ ግን ብዙዎቻችሁ ዝም ብላችሁ ታልፉታላችሁ ምክንያቱም መንፈሳዊ አይመስልም።

ከአንቺ ጀምሪ። የተራበና እንቅልፍ ያጣ ሰው ቶሎ ይቆጣል፣ ይሄ የሰውነት ጉዳይ ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ 9 ሰዓት ሲሆን ብዪ። «ልጆቹን ላብላና»፣ «ልብሱን ላስጣና» እያልሽ 12 ሰዓት አትድረሺ፣ ሁዳዴ ላይ ይሄን የሚያደርጉ እናቶች ብዙ ናቸው፣ 55 ቀን ደግሞ ረጅም ነው። ምግቡን 9 ሰዓት ሳይደርስ አዘጋጅተሽ ክደኚው፣ አጥሚቱን ፔርሙዝ ውስጥ አድርጊው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቁጭ ብለሽ ብዪ፣ ቆመሽ አይደለም።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ስለ ጾሙ ሰዓትና አበላል የንስሐ አባትሽን አናግሪ። ለብቻሽ አትወስኚ፣ ግን እየዞረብሽም ዝም ብለሽ አትቀጥዪ። የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ነፍሰ ጡር በቀን አንድ፣ የምታጠባ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ምግብ እንድትበላ ነው፣ ይሄን ለአባ ንገሪያቸው፣ አውቀው እንዲመክሩሽ።

ልጆቹ ጋ ስንመጣ መክሰሱን 10 ሰዓት ላይ ስጪ፣ 11 ሰዓት ላይ ሲያለቅሱ አይደለም። እንቅልፍ ላይ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እንግዳ መጣ፣ ለቅሶ ነበር፣ ገበያ ሄድን ተብሎ የቀን እንቅልፉ ከቀረ ማታ የሚነጫነጨው ደክሞት ነው። የዛን ቀን እራቱን አስቀድሚና ቶሎ አስተኚው፣ የቀረ ሥራ ካለሽ እሱ ሲተኛ ትጨርሺዋለሽ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቆሎና ኦቾሎኒ ለትንንሽ ልጆች መክሰስ አይሆንም፣ 4 ዓመት ሳይሞላቸው በተለይ። ሲስቁ ሲሮጡ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል።

ደረጃ 3፦ የማታውን ሥራ ወደ ጠዋት አምጪው

ልጅ እጅሽን የሚፈልገው እጅሽ ሲያዝ ነው። ስለዚህ በቁጣሽ ሰዓት እጅሽ ባዶ እንዲሆን አድርጊ። ሽንኩርቱን ጠዋት ከትፈሽ ቁሌቱን ጨርሺው፣ ማታ ሽሮውን ጨምሮ ማንተክተክ ብቻ ይቀርሻል። እንጀራ ጋገራን ልጆቹ የሚያንቀላፉበት ሰዓት ላይ ወይም የሚይዝልሽ ሰው ባለበት ቀን አድርጊው፣ ምጣድ ላይ ሆነሽ ልጅ ስታባርሪ መጮህሽ አይቀርም፣ አደጋም አለው።

ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆንሽ ውሃው በመጣ ጊዜ መጀመሪያ ያቺን የማታዋን ጀሪካን ሙዪና ለይተሽ አስቀምጪ፣ ለልብስ ማጠቢያ አትንኪያት። ማታ ልጅ ራሱን አበላሽቶ ውሃ ከሌለ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ።

ለጠዋቱ ደግሞ ዩኒፎርሙን፣ ካልሲውን፣ ጫማውን፣ ምሳ ዕቃውን ማታውኑ በር አጠገብ አንድ ቦታ አድርጊ። ሁለቱንም ጫማ። የጠዋት ጩኸት ግማሹ አንድ እግር ጫማ ፍለጋ ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ አጭር ጸሎት ምረጪና ከትንፋሽሽ ጋር አስለምጂው

በንዴት ሰዓት ረጅም ጸሎት አይመጣልሽም፣ ቃሉም ይጠፋብሻል። አንድ መስመር ብቻ ምረጪ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይሆናል። ወይም መዝሙር 140፥3 ላይ ያለው «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚለው፣ ለኔ ለዚህ ጉዳይ ከዚህ የሚቀርብ የለም ምክንያቱም የምንለምነው ራሱ እሱን ነው፣ አፋችን እንዲጠበቅ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በአፍንጫሽ አየር ሳቢ፣ ከዛ ቀስ ብለሽ እያስወጣሽ ጸሎቱን በልብሽ በዪ። የምታስወጪው ከምታስገቢው ይርዘም። 3 ጊዜ። በመቁጠሪያው 41 የምትዪው በጸሎት ሰዓትሽ ነው፣ እዚህ 3 ይበቃል። ትንፋሽ ወደ ውጪ ሲረዝም የልብ ምት ቀስ ይላል፣ የሰውነት ንዴት ይረግባል፣ ያኔ ጸሎቱን በአእምሮሽ ሆነሽ ትዪዋለሽ።

ዋናው ነገር ሳትናደጂ መለማመዱ ነው። ቡና ስትቆዪ፣ ስታጠቢ፣ ባጃጅ ስትጠብቂ፣ ውሃ ወረፋ ላይ። መቁጠሪያውን ቀሚስሽ ኪስ ውስጥ አድርጊው፣ እጅሽ ሲነካው አንዴ በዪው። በሰላም ጊዜ ያልተለመደ ነገር በንዴት ጊዜ ትዝ አይልም።

የጸሎት ሰዓትን በተመለከተ፦ ብዙ እናቶች ልጅ ጸሎታቸውን ሲያቋርጥ ነው የሚጮሁት፣ ውዳሴ ማርያም በእጃቸው እንደያዙ። ረጅሙን ጸሎት ልጆቹ ሳይነሱ ወይም ከተኙ በኋላ አድርጊው፣ ካልሆነልሽ የዕለቱን ስታጠቢ አንብቢው። ልጆቹ ባሉበት ግን አጭሩን አብራችሁ አድርጉ፦ በስመ አብ ብሎ ማማተብ፣ አባታችን ሆይ፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል። የ2 ዓመት ልጅ እጁን ይዘሽለት ያማትባል፣ ይደሰትበታልም። ጧፉን ግን ከፍ ያለ ቦታ፣ ከመጋረጃ ርቆ።

ደረጃ 5፦ ቁጣው የመጣ ሰዓት

እዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለዪ።

ሀ. አፍሽን ዝጊ። የመጀመሪያው ቃል ነው ሌላውን የሚጎትተው።

ለ. እጅሽ ላይ ያለውን አስቀምጪ። ቢላዋውን፣ ማማሰያውን፣ ስልኩን። ድስቱ ሊያርር ከሆነ አውርጂው። ሁለት ነገር እያሰብሽ መታገስ አይቻልም።

ሐ. ሦስቱን ትንፋሽ ከነጸሎቱ።

መ. ልጁ ጋ ሂጂ። ከኩሽና ሆነሽ ሳሎን ላለ ልጅ መናገር ማለት መጮህ ማለት ነው፣ ሌላ አማራጭ የለውም። ሄደሽ ቁጢጥ በዪ፣ ዓይንሽ ከዓይኑ እኩል ይሁን፣ ክንዱን በቀስታ ያዥ፣ ስሙን ጥሪ።

ሠ. አንድ አጭር ነገር ንገሪው፣ የማያደርገውን ሳይሆን የሚያደርገውን። «አትሩጥ» ሲባል ትንሽ ልጅ መሮጡን እንጂ ሌላ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። «ቀስ ብለህ ሂድ» በዪው። «አታፍስሰው» ከምትዪ «ኩባያውን ለእማዬ ስጣት»። የ2 ዓመት ልጅ አንድ ትእዛዝ፣ ሲበዛ ሁለት ነው የሚይዘው፣ «ስንቴ ነግሬሃለሁ፣ ትናንትም እንዲሁ፣ አባትህ ይምጣ ብቻ» የሚለው ሁሉ ለሱ ድምፅ ነው።

ረ. ቆይ። በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። ትንሽ ልጅ ሰምቶ ለመነሳት ጊዜ ይወስድበታል፣ እኛ ግን ሁለት ሰከንድ ሳንጠብቅ ደግመን እንጮሃለን።

ሰ. ካላደረገ እጁን ይዘሽ አብረሽው አድርጊው። ኩባያውን አብራችሁ አስቀምጡ፣ የፈሰሰውን አብራችሁ ጥረጉ። ዝም ብለሽ፣ ሳትቆጪ።

ምሳሌ 15፥1 «የለዘበች መልስ ቁጣን ትመልሳለች» ይላል። ይሄ ለልጅም ይሠራል፣ ድምፅሽን ዝቅ ስታደርጊ ለመስማት እሱም ዝም ማለት አለበት።

መሬት ላይ ተንፈራፍሮ የሚያለቅስ ከሆነ በዛ ሰዓት ምንም አታስተምሪው፣ አይሰማም። ከ1 እስከ 4 ዓመት ይሄ የተለመደ ነው፣ ሕመምም ብልግናም አይደለም፣ ስሜቱን የሚገታበት አቅም ገና አላደገም። ራሱን እንዳይመታ ድንጋይ ወይም ጠርዝ ካለበት አርቂው፣ አጠገቡ ቁጭ በዪ፣ ጠብቂው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ከሆነ የሚከብደው ልጁ ሳይሆን ሰዉ ነው። አንዷ «አባብዪው እንጂ!» ትላለች፣ አንዱ «ግዢለትና ይገላገል» ይላል። «እሺ እማማ፣ አሁን ይተዋል» ብለሽ ተሸክመሽው ወደ ዳር ውጪ። የጠየቀውን ነገር ግን አትግዢ፣ ከገዛሽ በሚቀጥለው ቅዳሜም እዛው ቦታ ላይ ይተኛልሻል።

ማስጠንቀቂያ፣ ይሄን ደግመሽ አንብቢው፦ እጅሽ ሊሰነዘር እንደሆነ ከተሰማሽ ልጁን አስተማማኝ ቦታ አድርገሽ አንቺ ከክፍሉ ውጪ። ሕፃን ከሆነ በጀርባው አስተኝተሽው፣ አጠገቡ ትራስና ልብስ ሳይኖር። የከሰል ምድጃ፣ ጀበና፣ የፈላ ውሃ በዛ ክፍል እንዳይኖር አይተሽ። 5 ደቂቃ ውጪ ቆመሽ መተንፈስ ይቻላል፣ ሕፃኑ 5 ደቂቃ ቢያለቅስ አይጎዳም። በምንም ሁኔታ ሕፃን አትነቅንቂ፣ በንዴትም «ዝም በል» ለማለትም። አንገቱ ስላልጠነከረ አንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል።

ደረጃ 6፦ ማስፈራሪያውን ተዪና በጥቂት ደንብ ተኪው

«ጅብ መጣልህ»፣ «መርፌ ትወጊያለሽ»፣ «እግዜር ይቀጣሃል»። ለጊዜው ዝም ያሰኛል፣ ግን ማታ እንቅልፍ ያሳጣዋል፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ነገ ትዕግሥትሽን ይጨርሰዋል። መርፌው የሚመጣው ክትባት ቀን ነው፣ ያኔ ጤና ጣቢያ በር ላይ ታለቅሳለች። እግዚአብሔርን ማስፈራሪያ ካደረግሽው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የሚቀጣው ሰው ቤት የሚሄድ ነው የሚመስለው። ይሄኛውን በጣም ነው የምለምናችሁ፣ ተዉት።

በምትኩ ለቤታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ደንብ ብቻ አውጡ፣ ሁሌ በአንድ ዓይነት ቃል የሚነገሩ። «እሳት ጋ አንቀርብም።» «አንማታም።» ባልሽም አያትየውም ያንኑ ቃል ይበሉ። ደንብ ሲበዛ ቀኑን ሙሉ «ተው ተው» ስትዪ ትውያለሽ፣ አንቺም ትደክሚያለሽ እሱም መስማት ያቆማል። ኤፌሶን 6፥4 ልጆቻችሁን አሳድጓቸው እንጂ አታስቆጧቸው ሲል ለአባቶች ነው የተጻፈው፣ ስለዚህ አባትየውንም አስነብቢው።

ደረጃ 7፦ ቅዳሴ ከልጆች ጋር

ጎንደር አርባ አራቱ ታቦት የሚባልላት ከተማ ናት፣ ምርጫ አለሽ። ትንንሽ ልጆች እስኪያድጉ ለቤትሽ የሚቀርበውን፣ ግቢው ሰፊ የሆነውን ምረጪ። ልጅ አዝለሽ ሁለተኛውን ጎትተሽ ቁስቋም ድረስ ያን ዳገት ከወጣሽ ቅዳሴው ሳይጀመር ትዕግሥትሽ አልቋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ግቢው ዛፍ ስላለው ልጅ ሲጨነቅ ይዞ መውጫ ይሆናል።

ቅዳሜ ማታ ቶሎ አስተኚ፣ ልብስ አዘጋጂ፣ ከመግባታችሁ በፊት ሽንት አሽኚ። በር አጠገብ ቁሚ፣ መሐል አትግቢ፣ ለመውጣት ሰው መርገጥ እንዳይሆን። መረበሽ ሲጀምር ጩኸቱ ሳይመጣ ይዘሽው ውጪ፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላችሁ የሚሰማውን ዜማ ስሙ፣ ሲረጋጋ ግቡ። ሦስቴ ብትወጪም ቅዳሴ አስቀድሰሻል። የሚቆርብ ልጅ ከሆነ ምግብና ጡት መቼ ማቆም እንዳለበት እንደ ዕድሜው ካህኑን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ጎረቤት የነገረሽን ይዘሽ እንዳታስርቢው።

ጥምቀት ላይ፣ ከከተራ ጥር 10 ጀምሮ ፋሲለደስ አካባቢ ያለው ሕዝብ ሌላ ነው። የልጁ ክንድ ላይ ስልክ ቁጥርሽን በእስኪርብቶ ጻፊ፣ ከቤተሰብ ጋር ብንጠፋፋ እዚህ እንገናኝ ተባባሉ። ፍርሃት ስላለብሽ ነው ሰው መሐል የምትጮኺው፣ ይሄ ፍርሃቱን ይቀንሰዋል።

ደረጃ 8፦ እርዳታ ስትጠይቂ ሰዓቱንና ሥራውን ጥቀሺ

«ደክሞኛል፣ ማንም አያግዘኝም» ብትዪ ሰው ያዝንልሻል እንጂ አይነሳም። ለጎረቤትሽ፦ «እትዬ፣ ዛሬ ከ11 እስከ 11 ተኩል ትልቋ እርስዎ ጋ ትጫወትልኝ? ወጡን ላውጣና መጥቼ እወስዳታለሁ።» ለባልሽ፦ «ስትገባ መጀመሪያ ትንሹን ተቀበለኝና እግሩን እጠብለት።» አንዲት ልጅ ያላት ጎረቤት ካለችሽ ተቀያየሩ፣ ማክሰኞ አንቺ ሐሙስ እሷ። ይሄ ግማሽ ሰዓት ደረጃ 1 ላይ ያገኘሽው የቁጣ ሰዓት ላይ ይዋል፣ ለሌላ ሥራ አታውዪው።

ደረጃ 9፦ ከጮኽሽ በኋላ

ትጮኺያለሽ። ሁሉንም ደረጃ ብታደርጊም የሆነ ቀን ይወጣል። ያኔ እንዲህ አድርጊ፦ ሁለታችሁም ስትረጋጉ፣ ከመተኛቱ በፊት፣ ቁጢጥ ብለሽ «እማዬ ጮኸችብህ፣ እንዲህ መጮህ ልክ አይደለም፣ ይቅርታ» በዪው። «አንተም እኮ» የሚለውን አትጨምሪ፣ ከጨመርሽ ይቅርታው ክስ ይሆናል። ኤፌሶን 4፥26 በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ ይላል፣ ልጅም የሚያድረው በተነገረው የመጨረሻ ቃል ነው።

ደንቡን ግን አታንሺ። እሳት ጋ ሄዶ ከሆነ የጮኽሽበት፣ ይቅርታ ብለሽ ስታበቂ «እሳት ጋ ግን አንቀርብም» ብለሽ ጨርሺ። ከረሜላም አትስጪ፣ ይቅርታና ካሳ ይቀላቀልበታል።

እየተደጋገመ የሚያስቸግርሽን ለንስሐ አባትሽ ስትነግሪ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ። «እቆጣለሁ አባ» ብቻ ከምትዪ «ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ባሌ ሳይገባ፣ ትንሹ ሲያለቅስ እቆጣለሁ» ስትያቸው የሚሰጡሽ ምክር ለዛው ሰዓት ይሆናል።

ከዚህ በላይ ሲሆን

ከወለድሽ በኋላ ወይም በሌላ ጊዜ ለ2 ሳምንት ያህል በየቀኑ ማለት ይቻላል ካዘንሽ፣ ልጁ ተኝቶልሽም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተሽ፣ ልጁን ማየት ካስጠላሽ፣ ይሄ የትዕግሥት ጉዳይ አይደለም፣ የሚታከም በሽታ ነው። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂና ይሄንኑ እንዳለ ንገሪያቸው። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን 2 ሳምንት አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ተናግረሽ ልጁን አስይዘሽ ሂጂ። ጠበል መጠመቁን ሐኪም ቤት መሄድ አያስቀረውም፣ ሁለቱንም አድርጊ። ቤት ውስጥ የሚመታሽ ሰው ካለም ይሄ መመሪያ «ታገሺ» ማለት አይደለም፣ ለምታምኚው ሰው ንገሪ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ስልክ ሰጥቶ ማረፍ። 11 ሰዓት ላይ ስልክ የተሰጠው ልጅ 12 ሰዓት ላይ ሲቀማ የሚመጣውን ታውቂዋለሽ። ካርቶኑን ስጪው፣ ያንን ለቁጣ ሰዓትሽ ብቻ አውጪው፣ ሌላ ጊዜ ደብቂው፣ አዲስ ሆኖ እንዲቆይ።
- ጥርስ ነክሶ ዝም ማለትን ትዕግሥት ማለት። ቀኑን ሙሉ ውጠሽ ማታ በአንዴ ይፈነዳል። ከሆነ ነገር በኋላ «አሁን እማዬ ተናዳለች፣ ትንሽ ልትተነፍስ ነው» ብለሽ በለዘበ ድምፅ መናገር ይቻላል፣ ልጁም ስሜት በቃል እንደሚነገር ይማራል።
- ልጅን ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር። አንዱ በ2 ዓመቱ ሽንቱን ይናገራል፣ አንዱ 3 ያልፈዋል፣ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው።
- በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ ልጆች ጋር መቀመጥ፣ በተለይ ክረምት ላይ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ይገድላልም። ማታ ማታ ራስምታትና ብስጭት ካለብሽ ይሄንንም እዪው፣ መስኮት ክፈቺ፣ ከሰሉን ወደ ውጪ አውጪ።
- ዘጠኙንም ደረጃ ነገ መጀመር። አይሆንም። በዚህ ሳምንት ደብተሩንና አጭሩን ጸሎት ብቻ ያዥ፣ በሚቀጥለው የ10 ሰዓቱን መክሰስና የጠዋቱን ቁሌት ጨምሪ፣ ሌላውን ደብተርሽ ላይ ያለው ሰዓት ራሱ የትኛው እንደሚቀድም ያሳይሻል።